በመዝገብ ያልሰፈሩት

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ማታ፣ በሚሲሲፒ ግዛት ከግሪንውድ ከተማ በወጣች መኪና ላይ የተኩስ እሩምታ ወረደ። ሲነዳ የነበረው የ20 ዓመቱ ጂሚ ትራቪስ ትከሻውንና አንገቱን ተመታ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። አብሮት የነበረው ቦብ ሞዝስ የትግል ጓዱ ነው። ሦስተኛው ተሳፋሪ ራንዶልፍ ብላክዌል ግን ከአትላንታ የመጡ የገንዘብ ሰጪው ድርጅት ሰው ነበሩ።

ድርጅቱ «የመራጮች ትምህርት ፕሮጀክት» ይባል ነበር፤ የተቋቋመው በ1962 ነው። ታኮኒክ፣ ፊልድና ስተርን የተባሉ የበጎ አድራጎት ተቋማት ገንዘብ ያዋጡ ነበር። አትላንታ የሚገኘው የደቡብ ክልላዊ ምክር ቤት ተቀብሎ ለአምስት የመብት ድርጅቶች ያከፋፍል ነበር። እነሱም ጥቁሮች በመራጭነት እንዲመዘገቡ ቤት ለቤት ይቀሰቅሱ ነበር። ስጦታው ከግብር ነፃ የሆነው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ለፓርቲ ወይም ለዕጩ መቀስቀሻ ሳንቲም እንዳይወጣ።

ከአምስቱ ታናሹ፣ ትራቪስና ሞዝስ የነበሩበት፣ ስኒክ በሚል አጠራር የሚታወቀው የተማሪዎች ኮሚቴ ነበር። በኤፕሪል 1960 ኤላ ቤከር ከሚሠሩበት የነማርቲን ሉተር ኪንግ ድርጅት 800 ዶላር አስፈቅደው፣ «ለነጮች ብቻ» በተባሉ ምግብ ቤቶች ተቀምጠው አንነሣም ያሉ ተማሪዎችን ራሌ ከተማ ሾው ዩኒቨርሲቲ ሰበሰቡ። ገንዘቡን የፈቀዱት ታላላቆች ወጣቶቹን የድርጅታቸው ክንፍ ማድረግ ፈለጉ። የ56 ዓመቷ ቤከር እምቢ አሉ፤ ልጆቹ ራሳቸውን ችለው ይቁሙ ብለው ተሟገቱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከወጣው ገንዘብ ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ያ 800 ዶላር ነው፤ እንዲህ ያለ ጠባቂ አግኝቷልና።

የመራጮች ምዝገባ ገንዘብ ሊመጣ ነው ሲባል ስኒክ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደርሶ ነበር። የኬኔዲ መንግሥት ሐሳቡን መደገፉ፣ ከአደባባይ ሊያስወጣን ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። በኦገስት 1961 በቴኔሲው ሃይላንደር ትምህርት ቤት የመከሩ ጊዜም ያስታረቁት ቤከር ናቸው፤ ገሚሱ ሰልፉን፣ ገሚሱ ምዝገባውን ይያዝ አሉ። ሚሲሲፒ ሲደርሱ ልዩነቱ ከነጭራሹ ጠፋ። እዚያ ለመመዝገብ መሄድ ራሱ ከሰልፍ የማይተናነስ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ኦገስት 31 ቀን 1962 የእርሻ ሠራተኛዋ ፋኒ ሉ ሄመር ለመመዝገብ ከ17 ሰዎች ጋር በአሮጌ አውቶቡስ ወደ ኢንዲያኖላ ወረዱ። የምዝገባው ፈተና የግዛቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ ማብራራት ነበር፤ ወደቁ። ሲመለሱ ፖሊስ አውቶቡሱን አስቁሞ፣ ቀለሙ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይመስላል ብሎ ሾፌሩን ቀጣ። ሄመርን ለ18 ዓመት የሠሩበት እርሻ ባለቤት በዚያው ማታ አባረራቸው። የዚያ ቀን ሪፖርት ቢጻፍ፣ በሄመር ስም ትይዩ የሚሰፍረው ዜሮ ነው።

ፕሮጀክቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ተኩል በደቡቡ ሁሉ ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሰው በመዝገብ ሲያስገባ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ግን የተመዘገቡት 4 ሺህ አልሞሉም። ዳይሬክተሩ ጠበቃ ዋይሊ ብራንተን በ1963 መገባደጃ ለግዛቷ የሚሰጠውን ገንዘብ አቋረጡ። ቀናና ደፋር ሰው ነበሩ፤ ገንዘቡ ብዙ ሰው ወደሚመዘገብበት ይሂድ ማለታቸውም ሒሳቡ ልክ ነው። ስሕተቱ ሚዛኑ ላይ ነበር። በዚያው ኖቬምበር ወጣቶቹ የራሳቸውን ምሳሌያዊ ምርጫ አዘጋጅተው ከ80 ሺህ በላይ ጥቁሮች ድምፅ ሰጡ። ይህን ያህል ሕዝብ ያንቀሳቀሱት በሳምንት 10 ዶላር ገደማ የሚከፈላቸው ልጆች ናቸው። የመንግሥት መዝገብ ግን አንዱንም አልያዘም።

በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ያንን ፈተና አነሣው። ሚሲሲፒ ውስጥ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ 100 ጥቁሮች 7 ብቻ ይሞላ የነበረው የተመዝጋቢ ቁጥር በ1967 ወደ 60 ገደማ ወጣ። ፕሮጀክቱንም ከ1970 ጀምሮ ለሰባት ዓመት የመራው የቀድሞው የስኒክ ሊቀመንበር ጆን ሉዊስ ነበር።