ኬንያውያን ቤተሰቦች የዓመቱን መጨረሻ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚያሳልፉት ለምንድን ነው?

በአውሮፓውያኑ ዓመት ማብቂያ ሳምንታት ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በሚጓዘው ባቡር ላይ ባዶ ወንበር ማግኘት ቀላል አይደለም። የኬንያ ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ትምህርት አጠናቀው ረጅሙን ዕረፍት የሚሰጡት በዚህ ወቅት ነው። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ናይሮቢ ምሽቱ ሹራብ ሲያስለብስ፣ የሞምባሳ ቀን ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል።

ሆኖም ለብዙ ኬንያውያን ገና ማለት ባሕር ማለት አይደለም። ገና ማለት ከተሜው "ኡሻጎ" ወደሚለው የትውልድ ቀዬ መመለስ፣ ፍየል ማረድ፣ ወላጅን መጠየቅ ነው። በመሆኑም "ዘንድሮ ወደ ባሕር እንውረድ" የሚል ሐሳብ በየቤቱ ክርክር ያስነሳል፤ ደጅ ደጁን እያዩ የሚጠብቁ አያቶች አሉና። አንዳንዱ ገናን በገጠር፣ አዲስ ዓመትን በባሕር ዳርቻ በማሳለፍ ያስታርቀዋል። አያቶቹን ይዞ የሚወርድም አለ።

የዳርቻው ሆቴሎች መጀመሪያ የታሰቡት ለእነዚህ ቤተሰቦች አልነበረም። ለዓመታት የኖሩት ከአውሮፓ በቻርተር አውሮፕላን በሚመጡ ቱሪስቶች ነው። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ የተከሰተው ግጭትና በኋላም የአል ሸባብ ጥቃቶች ይህን ገበያ ደጋግመው ናዱት። በግንቦት 2014 የብሪታኒያ መንግሥት ዜጎቹ ከአስፈላጊ ጉዳይ በስተቀር ወደ ሞምባሳ እንዳይጓዙ ሲመክር፣ አስጎብኚ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን ዕረፍታቸውን ሳይጨርሱ አስወጡ። በርካታ ሆቴሎች ተዘጉ፤ የቀሩት ዓይናቸውን ወደ አገራቸው ሰው አዞሩ። የፈረንጅ እንግዳ በቀረባቸው ጊዜ ክፍሎቹን የሞላው የናይሮቢ ቤተሰብ ነበር።

በ2017 አጋማሽ ሥራ የጀመረው "ማዳራካ ኤክስፕረስ" ባቡር ደግሞ መንገዱን አሳጠረው። የጻቮን ፓርክ አቋርጦ ለመድረስ አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ርካሹ ትኬት በጥር 2024 ከ1,000 ወደ 1,500 ሽልንግ ከፍ ብሏል፤ አራት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ቀላል ጭማሪ አይደለም።

ባሕሩ ራሱ ግን አያስከፍልም። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ባሕሩ ሲሞላ በሚደርስበትና ሲጎድል በሚያፈገፍግበት መካከል ያለው መሬት የሕዝብ ነው ይላል። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ከአጥሩ ውጪ ባለው በዚህ አሸዋ ላይ ባለቤትነት የለውም። በሞምባሳ የጆሞ ኬንያታ የሕዝብ ዳርቻ በበዓል ቀናት መርገጫ የሚያሳጣውም ለዚህ ነው፤ ግመል የሚያስጋልበው፣ ፎቶ አንሺው፣ የተነፋ የጎማ ላስቲክ የሚያከራየው፣ ማዳፉ የሚሉትን ለጋ ኮኮናት ቀዶ የሚሸጠው ሁሉ እዚያ ነው።

ከደጋ የሚመጣ ቤተሰብ ከሆቴል ዋጋ በፊት ሊያውቀው የሚገባው የውሃውን ሰዓት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሞምባሳ ወደ አራት ሜትር ይጠጋል። ጠዋት እስከ ግንቡ የደረሰው ውሃ ከሰዓት በኋላ ርቆ ሄዶ ልጆች በእግራቸው ወደ ኮራል አለቱ ይገባሉ። አለቱ የውቅያኖሱን ማዕበል ስለሚሰብር በውስጥ በኩል ያለው ውሃ ሲታይ ሐይቅ ይመስላል፤ ይህ ጸጥታ ግን ያዘናጋል። ውሃው ሲመለስ ቀድሞ የሚሞላው በዳርቻውና በአሸዋው ጉብታ መካከል ያለውን ዝቅ ያለ ቦታ በመሆኑ፣ ጉብታው ላይ የቆመ ልጅ በውሃ መከበቡን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ሲጎድል ደግሞ በአለቱ ክፍተቶች በኩል ወደ ውጭ የሚስብ ኃይለኛ ፍሰት ይፈጠራል። ዋና ያልለመደ ሰው በተነፋ ላስቲክ መተማመን የለበትም። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱን ለዛሬ መጠቀም አይቻልም፤ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ መጠየቅ ይሻላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ጥያቄ ከሌላው እንግዳ ይልቅ ይቀለዋል። ስዋሂሊ እንደ እኛው ሰዓትን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ዓሣ አጥማጁ "ሳ ምቢሊ" ሲል ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ በባቡሩ ትኬት ላይ ግን ያው ሰዓት 8 ተብሎ ይታተማል።

ወደ ዲያኒ የሚያልፉ ሌላም መሻገሪያ ይጠብቃቸዋል። ሞምባሳ ደሴት ስለሆነች ብዙ ተጓዦች ወደ ደቡቡ ዳርቻ የሚሻገሩት በሊኮኒ ፌሪ ነው። እግረኛ አይከፍልም፤ በበዓል የመኪናው ሰልፍ ግን ረጅም ነው። በ1994 በአቅራቢያው ባለው የምቶንግዌ መሻገሪያ ፌሪ ሰጥሞ ከ270 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ግፊያውን ያየ ሰው ለምን እንደማይረሳ ይገባዋል።

በኬንያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የእነርሱ ገና የሚውለው ግርግሩ ካለፈ በኋላ ነው። "ካስካዚ" የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ እስከ መጋቢት ስለሚነፍስ ሙቀቱም አይጠፋም፤ በባቡሩም ቦታ ይገኛል። ችግሩ፣ የኬንያ ትምህርት ቤቶች አዲሱን ዓመት የሚጀምሩት በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው።