ተጨማሪ መረጃ፦ ቫይረስና የአኦርታ ግድግዳ

አኦርታ ከልብ የሚነሣው ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው። ሆድ ውስጥ የሚያልፈው ክፍሉ በጤናማ አዋቂ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ግድግዳው ተዳክሞ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አኒዩሪዝም ይባላል። የውስጠኛው ሽፋን ተቀዶ ደም በግድግዳው ንብርብሮች መካከል ሲገባ ደግሞ ዲሴክሽን ይባላል። ሐኪሞች ዲሴክሽንን ዓይነት ኤ እና ቢ እያሉ የሚለዩበት አከፋፈል በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ዋነኞቹ አጋላጮች የታወቁ ናቸው፤ የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ዕድሜና ውርስ። ቫይረስ ግን ገና በተጠርጣሪነት ላይ ነው። ከሁሉም ጠንከር ያለው ማስረጃ ያለው በኤችአይቪ ላይ ነው። ቫይረሱ ባለባቸው አንዳንድ ወጣቶች ላይ አኒዩሪዝም በአንድ ጊዜ በበርካታ ቦታ ይታያል። የአኦርታ ግድግዳ ራሱ ደም የሚያገኝባቸው ጥቃቅን ቧንቧዎች አሉት፤ ከታማሚዎቹ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረመር የግድግዳው መቆጣት (ብግነት) በእነዚህ ዙሪያ ይገኛል።

በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ኢንተርፌሮን ጋማ ለተባለው የመከላከያ መልእክት ምላሽ የማይሰጡ አይጦች በአንድ የሄርፐስ ዘመድ ቫይረስ ሲያዙ አኦርታቸው ክፉኛ ተቆጥቷል። ሰው ግን አይጥ አይደለም። በቀዶ ሕክምና ከወጣ የሰው አኦርታ ላይም ሳይቶሜጋሎቫይረስ ተገኝቷል፤ ይሁንና ይህን ቫይረስ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ይዘውት ይኖራሉ።

ለመሞከር፦ ቫይረሱ የበሽታው መንስኤ መሆኑን ለማረጋገጥ ከታመመው አኦርታ ሌላ የማንን ናሙና መመርመር ያስፈልጋል? ምክንያቱን ጻፍ/ጻፊ።