በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ጥርት ያለ ምስል፦ የአየርና የፍጥነት ጉዳይ

በዱር እንስሳት ጥናት ፎቶግራፍ የመስክ መረጃ ከሆነ ቆይቷል። አንዱን ጭላዳ ከሌላው በደረቱ ቀይ ገላጣ ቆዳ ቅርጽ፣ በጆሮው ስንጥቅና በፊቱ ጠባሳ መለየት የሚቻለው ግን ምስሉ ጥርት ያለ ሲሆን ብቻ ነው። ምስሉ ከደበዘዘ አንድ እንስሳ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር፣ ሁለቱም እንደ አንድ ሊመዘገቡ ይችላሉ።

የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ፍላቂት ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አምባ ሲሆን፣ በደቡብ በኩል በመቋት ማርያምና በዋጀላ አቅጣጫ በገደል ይቋረጣል። ጭላዶች ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ወደ አፋፉ ይወጣሉ፤ ለግጦሽ ከመሰማራታቸው በፊትም ፀሐይ እየሞቁ ጠጉር ለጠጉር ይፈታተሻሉ።

ይህ ሰዓት ለፎቶግራፍ አንሺው ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል። ብርሃን የተለያየ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫውን በጥቂቱ ይለውጣል። በደጋ የበጋ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ የታረሰው ማሳ ከላዩ ካለው አየር ቀድሞ ይሞቃል። ሙቁ አየር ከቀዝቃዛው ጋር እየተደባለቀ ሲወጣ የእንስሳው ጠርዝ በሌንሱ ውስጥ ይርገበገባል። ለዚህ ውድ ሌንስ መድኃኒት አይሆንም፤ እንዲያውም ሌንሱ በረዘመ መጠን መርገብገቡም አብሮ ይጎላል። የሚረዳው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት፣ ርቀቱን ማሳጠርና የእይታ መስመሩ የሞቀውን መሬት ታክኮ እንዳያልፍ ማድረግ ነው።

በአሞራዎች ላይ ግን ጉዳዩ ይወሳሰባል። አጥንት ከከፍታ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራም ሆነ ሌሎቹ ትልልቅ አሞራዎች በገደሉ የሚወጣውን አየር እየተጠቀሙ ይንሳፈፋሉ፤ ይህም የሚበረታው መሬቱ ሲሞቅና ነፋሱ ሲነሣ ነው። ስለዚህ አሞራው የሚመጣበትና አየሩ የሚበላሽበት ሰዓት ይገጣጠማል። የአፋፉ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፦ አሞራው በዓይን ትይዩ ወይም ከታች ሲያልፍ፣ በመካከል ያለው የሞቀ ማሳ ሳይሆን ክፍት ሸለቆ ነው።

ሁለተኛው የመደብዘዝ ምክንያት እንቅስቃሴ ነው። «ለ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/400 ሰከንድ» የሚለው የተለመደ ደንብ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የእንስሳውን ፍጥነት አይመለከትም። በ40 ሜትር ርቀት ያለ ጭላዳ ራሱን በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢያንቀሳቅስ፣ በዚህ ሌንስ ምስሉ በካሜራው ዳሳሽ ላይ በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። አንዱ ፒክስል 4 ማይክሮ ሜትር ከሆነ በ1/125 ሰከንድ 10 ፒክስል፣ በ1/1000 ግን አንድ ፒክስል ያህል ብቻ ይዛነፋል። በ50 ሜትር ርቀት በሰከንድ 15 ሜትር የሚያልፍ አሞራማ በ1/2000 እንኳ 15 ፒክስል ስለሚዛነፍ፣ ካሜራውን ከበረራው ጋር እኩል ማዞር ግድ ይላል። አይኤስኦውን ከፍ በማድረግ የሚመጣውን ብናኝ ብዙዎች ይፈሩታል። በእኔ አስተያየት ይህ ያለቦታው የገባ ስጋት ነው፦ በብናኝ ውስጥ የጆሮ ስንጥቅ ይታያል፤ በተዛነፈ ምስል ውስጥ ግን አይታይም።

ለድጋፍ ትራይፖድ መልካም ነው፤ ነፋስ በሚበረታበት አፋፍ ግን ገብስ የተሞላ ትንሽ ከረጢት በድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሌንሱን ማሳረፍ ይሻላል። ከረጢቱን ባዶ ይዞ መጥቶ ገብሱን ከአካባቢው ገበያ መሙላት ይቻላል።

ርቀትን ማሳጠር ሲባል እንስሳውን መከተል ማለት አይደለም። ከ4,200 ሜትር በላይ በሚደርሰው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመላ አገሪቱ የቀረው ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመት ነው፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ በአንድ ቦታ መጠበቅና ራሱ እስኪቀርብ መታገሥ ይገባል። ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይሁን። ማንነቱ የማይለይበት ምስል ሲገኝም ሰዓቱና ግምታዊ ርቀቱ ተጽፎ «ያልተለየ» በሚል ይመዝገብ።