በማኬሬሬ ኮረብታ ላይ የሚከማቸው የተማሪዎች ጥናት

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከኮረብቶቿም አንዱ ማኬሬሬ ይባላል። በዚሁ ኮረብታ ላይ በ1922 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት በ1949 ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተባበረ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1970ም ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። ስለ ማኬሬሬ ሲነገር ዘወትር የሚነሡት ከዚያ ተምረው ለከፍተኛ ሥልጣን የበቁት ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ተማሪው ለመጀመሪያ ዲግሪው የሚጽፈውን፣ ከታረመም በኋላ ብዙ ጊዜ ማንም የማይገልጠውን ጥናት ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የታሪክ ክፍሉ በፕሮፌሰር ዌብስተር መሪነት ተማሪዎቹን ወደየትውልድ ስፍራቸው እየላከ ሽማግሌዎችን ያስጠይቅ ነበር። ከቅኝ ግዛት በፊት የነበረው የዩጋንዳ ታሪክ አብዛኛው በቃል እንጂ በጽሕፈት የተያዘ ስላልነበረ፣ ሽማግሌው ሲሞት የሚያውቀውም አብሮት ይቀበር ነበር። ለዚህ ሥራ ከውጭ አገር መርማሪ ይልቅ የአገሩ ልጅ የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ የማን ልጅ መሆኑም ይታወቃል፤ አያቱ ለእንግዳ የማትነግረውን ለእርሱ ታጫውተዋለች። ጉዳትም አለው፤ የገዛ ጎሣውን ማን ያሳንሳል? ስለዚህ የአንዱን ቃል ከሌላው ቃል ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ዘመኑን ማወቅ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነበር። የቡንዮሮ ንጉሥ የአንኮሌን ከብት ዘርፎ ሲመለስ ቢሃርዌ በተባለው ስፍራ ፀሐይ ጨለመች፤ ሠራዊቱም ከብቱን ትቶ ሸሸ የሚል ትረካ አለ። በሊቃውንት መካከል ክርክር ባይጠፋም፣ የሥነ ፈለክ ስሌት ይህን ግርዶሽ ወደ 1520 ያደርሰዋል። የአያት ወግና የከዋክብት ሒሳብ የሚገናኙት እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

በ1971 ኢዲ አሚን ሥልጣኑን ያዘ። በ1972 የዩኒቨርሲቲው መሪ ፍራንክ ካሊሙዞ ተወስደው ደብዛቸው ጠፋ፤ ብዙ መምህራንም አገሩን ለቀው ሄዱ። የቴሶን ሕዝብ የቀድሞ ዘመን የሚተርከው፣ የዌብስተርና የሦስት ተባባሪዎቹ ስም ያለበት መጽሐፍ ግን በ1973 በናይሮቢ ታተመ።

በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1963 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ተቀምጠዋል፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም በ1991 ባሳተሙት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች በማስረጃነት ጠቅሰዋል።

በሳይንሱ በኩል ደግሞ በቅርብ ዓመታት ስሙ የተሰማ አንድ የማኬሬሬ ተማሪ አለ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የነበረው ብራያን ጊታ ወባ ይዞት ደሙ ደጋግሞ ከተመረመረ በኋላ፣ ያለ መርፌ በጣት ላይ ብርሃን አብርቶ የወባን ምልክት የሚፈልግ መሣሪያ ከጓደኞቹ ጋር ለመሥራት ተነሣ። ስሙንም «ማቲባቡ» አሉት፤ በስዋሂሊ ሕክምና ማለት ነው። በ2018 ከእንግሊዝ የምህንድስና አካዳሚ የአፍሪካን ሽልማት፣ 25,000 ፓውንድ፣ ተቀበለ። ሽልማት ማግኘት ብቻውን መሣሪያው በየሐኪም ቤቱ ገባ ማለት እንዳልሆነ ግን አንባቢ ይረዳልናል።

በ2020 መስከረም ወር የዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ በሌሊት ተቃጠለ፤ ጣሪያውም ወደመ። ቤተ መጻሕፍቱ በሌላ ሕንፃ ስለሆነ እሳቱ አልደረሰበትም። ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ጽሑፍ የተለየ የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ አለው፤ የእርሻው፣ የምህንድስናው፣ የማኅበራዊ ኑሮው ጥናት ባንድነት ይገባበታል። በጽሕፈት መኪና የተመቱት የቀድሞዎቹ ጽሑፎችም በዚሁ መንገድ ቢጠበቁ እንወዳለን፤ ቃላቸውን የሰጡት ሽማግሌዎች ዳግመኛ አይጠየቁምና።