የነጠላው ጥለትና የባንዲራው ዓርማ

ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል ሲወረድ ሽሮ ሜዳ ላይ የሀገር ባህል ልብስ ሱቆች ተደርድረዋል። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ሲቃረብ ደጃፍ ላይ ከሚሰቀሉት ነጠላዎች መካከል ጥለታቸው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሆነ አይጠፋም። ለአንዱ ጥለቱ የአያት ወግ ነው። ሌላው ሲያየው የፖለቲካ ሰልፍ ይታየዋል፤ ዓርማ የሌለውን ባንዲራ ይመስላልና።

በንጉሡ ዘመን ባንዲራው መሐል ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበረ፤ ደርግ አነሣው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ዓርማ እንዲኖረው ደነገገ፤ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ መግለጫ ተብሎ። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 654 ደግሞ ዓርማ የሌለውን፣ ልሙጡን ባንዲራ መጠቀም ከለከለ።

ልሙጡን የሚይዘው ሰው የዓድዋና የአምስቱ ዘመን አርበኞች አደራ ነው ይላል፤ ዓርማውን የኢሕአዴግ ማኅተም አድርጎ ያየዋል። ዓርማውን የሚፈልገው ደግሞ በዚያ ልሙጥ ባንዲራ ሥር ቋንቋው መናቁን፣ መሬቱ መወሰዱን ያስታውሳል። ሁለቱም ሀገሬን እወዳለሁ ባይ ናቸው። ሲጣሉ ግን አንዱ «ባንዳ»፣ ሌላው «ነፍጠኛ» ይላል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2010 የግንቦት 7 መሪዎች ከስደት ሲገቡ አዲስ አበባ በልሙጥ ባንዲራ ደመቀች። መስከረም 5 ቀን 2011 የኦነግ መሪዎች በራሳቸው ባንዲራ ታጅበው ገቡ። በመካከሉ የመንገድ ጠርዝ በማን ቀለም ይቀባ ብለው ወጣቶች ተደባደቡ፤ በዚያው ሰሞን ቡራዩ ላይ ሰው አለቀ። ያ ሳምንት ዛሬም ያመኛል።

ለሀገር የታመነው ማነው የሚለው ጥያቄ ከዓርማው ይቀድማል። ጣሊያን የተሸነፈበት የድል ቀን ራሱ ሲያከራክር ኖሯል፦ ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፤ ደርግ በዓሉን የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን ወደያዘበት መጋቢት 28 አዞረው፤ ኢሕአዴግ መለሰው። ከስደት የተመለሰው፣ በረሃ የከረመውና ለጣሊያን ያደረው አንድ ቤተ መንግሥት ደጅ ሲገናኙም ቂሙ አልበረደም። ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን የተፋለመው በላይ ዘለቀ በ1937 የተሰቀለው በገዛ ሀገሩ መንግሥት ነው። ለሀገር መታመንና ለገዢ መታመን አንድ ተደርጎ የተቆጠረው ያኔም ነበር።

እኔ ሕጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰንደቅ ላይ ቢቆም እላለሁ። በዓል የሚያከብር ሰው ትከሻ ላይ ባይደርስ። ጥለት የነጠላ ዳር ነው፤ ሸማኔው ቀለሙን በመስመር ያወርደዋል እንጂ ክብ ዓርማ የሚያስገባበት መሐል የለውም።