ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ከደጅ ጀምሩ

ገዢ ሳሎን ከመግባቱ በፊት አጥሩን፣ የግቢውን በርና ጣሪያውን አይቶ ዋጋውን በልቡ መቀነስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሳሻሽጥ ደጋግሜ የማየው ስህተት፣ ሻጮች ሁሉን ትተው ለቀለም መቸኮላቸው ነው። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት፦

1. መጀመሪያ ውሃ። የተቀደደ አሸንዳ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ካፈሰሰ ልስኑ ያብጣል፣ ነጭ ጨውም ያወጣል። እዚያ ላይ የተቀባ ቀለም ብዙ ሳይቆይ ይላጣል። አሸንዳውን ጠግኑ፤ የላላውን ልስን አንስታችሁ እንደገና አስለስኑ፤ በደንብ እስኪደርቅም ታገሡ።

2. ዝገት። የግቢው በርና የመስኮቱ ብረት በሽቦ ብሩሽ ይፋቅ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ የዘይት ቀለም የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጥ ሲጥ የሚለውን ማጠፊያ ዘይት አጠጡት። የደጁ መብራትና ደወሉም ይሥሩ።

3. ቀለም። ለውጭ ግድግዳ የተሠራውን ግዙ፤ የውስጡ ዝናብና ፀሐይ አይችልም። ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ብዙ ሰው ይስማማበታል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለሥራው ይመቻል።

4. ግቢ። የተረፈ አሸዋ፣ አሮጌ ቆርቆሮና የተሰባበረ ዕቃ ይውጣ። የተነቀለውን ንጣፍ አስተካክሉ፤ ሣሩን እጨዱ፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። ይህ ከሁሉም ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ ግቢውንም ሰፊ ያስመስለዋል።

አንድ አደራ አለኝ፦ የተሰነጠቀ ግድግዳን በቀለም አትሸፍኑ። መንስኤውን በባለሙያ አስመርምሩና ለገዢው በግልጽ ንገሩት። ቤት የሚገዛ ሰው የዓመታት ጥሪቱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ እውነቱን ማወቅ ይገባዋል።