በከተማ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መረብ ስለሚጠብቁ ተማሪዎች

የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፥ ልጁ ለተግባር ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤት በተላከ ጊዜ «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልህ» ብላችሁ ብትጠይቁት «መረቡን ስመለከት ዋልሁ» ይላችኋል። ይህ መልስ ለእናቲቱ ሥራ ፈትቶ እንደ መዋል ይመስላታል። ሥራው ግን ለልጁም ለቤተ ሰቡም የሚያሠጋ ነገር ያለበት ነውና ጥቂት ልንገልጸው ወደድን።

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ሱሉልታስ ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለችም፤ ከውጭ አገር ጋራ በሳተላይት የሚያገናኘን የቴሌኮሙኒኬሽን ጣቢያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተተከለው ከእንጦጦ ማዶ በዚያ ነው። ኢንተርኔት ግን ወደ አገራችን የገባው ዘግይቶ በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የመሬት ይዞታውና የግብሩ መዝገብ፥ የልደቱና የጋብቻው ምስክር ሁሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ስለ ሆነ መረቡን የሚጠብቅ ሰው የሕዝቡን ሀብት ይጠብቃል ማለት ነው።

ተማሪው አስቀድሞ የሚለማመደው «ፒንግ» የሚባለውን ነው። ይኸውም ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ አጭር ጥያቄ ልኮ መልሱ በስንት ሚሊ ሴኮንድ እንደ ተመለሰ መለካት ነው። መልሱ የቀረ እንደ ሆነ መብራት ጠፍቶ ነውን፥ ገመድ ተቆርጦ ነውን፥ ወይስ ሌባ ገብቶ ነውን ብሎ ይመረምራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ይህን መለየት ቀላል አይደለም። «ዛቢክስ» እና «ናጊዮስ» የሚባሉት በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ይህን ጥበቃ ሌሊትና ቀን ይሠራሉ። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ብዙ መረጃ ወደ ውጭ ሲወጣ ቢታይ ግን ነገሩን የሚጠይቀው ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልጆቹን የሚያስደንቃቸው «ዋየርሻርክ» በሚባለው ፕሮግራም የሚያደርጉት ፈተና ነው። በመለማመጃ ክፍል ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የይለፍ ቃል ሳይመሠጠር ሲላክ፥ መካከል የተቀመጠው ተማሪ ቃሉን ፊደል በፊደል ያነበዋል። ተመሥጥሮ ሲላክ ግን ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ብቻ ይታየዋል። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ማኅተም ከሌለው የሚለየው ጉዳይ እንደዚሁ ነበር።

ቸልታ የሚያመጣውን ጉዳት ለማስረዳት የእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ይበቃሉ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ክፉ ፕሮግራም መዝገባቸውን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ ብዙ በሽተኞችም ቀጠሯቸው ተሰረዘ። ማይክሮሶፍት መከላከያውን ያወጣው ከሁለት ወር አስቀድሞ ነበር፤ ብዙዎች ግን አልጫኑትም።

አሁን ወላጆችን ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ፥ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ፥ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ሊደርስ ይችላል፤ ለድርጅት ብቻ የተመደበ መረብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጎበዝ ተማሪ በሩ ሳይቆለፍ ቢያገኝ «እስኪ ልሞክረው» ማለቱ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የመሸኛ ደብዳቤም ተማሪው ለልምምድ መመደቡን ይናገራል እንጂ መረቡን እንዲፈትን አይፈቅድም። ስለዚህ የትኞቹን መሣሪያዎች፥ በየትኞቹ ቀኖች፥ በማን ተቆጣጣሪነት እንደሚፈትን የሚገልጽ የኃላፊው ፊርማና ማኅተም ያለበት ጽሕፈት ሳይዝ ልጃችሁ አንዳች እንዳይነካ ምከሩት። ይህን ጽሕፈት መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጥር አለቃ ይኖር ይሆናል፤ ልጁ ግን ቢያፍርም ይጠይቅ።

ሁለተኛው ፈተና በቤት ውስጥ ነው። ማታ በገበታ ላይ አንድ ዘመድ «የእገሌ ይዞታ ስንት ካሬ ሜትር ነው፥ ግብሩንስ ከፍሏል ወይ» ብሎ ይጠይቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ያለ አግባብ እንዳይገለጥ የሚጠብቅ ስለ ሆነ፥ ልጁ ዝም ቢል አክብሮት እንደ ጎደለው አትቁጠሩበት። የልምምዱ ጊዜ ሲፈጸምም ያገኘውን ጉድለት ጽፎ ለኃላፊው ብቻ ያስረክባል፤ በፍላሽ ቀድቶ ወደ ቤቱ አያመጣውም።